ጎማዎ ውስጥ ሴንሰር አለ? ጎሚስታው ብረቱን ከመስደዱ በፊት ይወቁ

ባለፈው ክረምት የተበሳ ጎማ ይዤ አንድ ጎሚስታ ዘንድ ገባሁ። ልጁ ፈጣን ነው። ጎማውን ከቸርኬው ሊያላቅቅ ረጅሙን ብረት ልክ ቫልቮላው አጠገብ ሰክቶ ተጫነው። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። "ምንድን ነው?" አልኩት። "ምንም አይደል ጋሼ፣ ጎማው ነው" አለኝ። ጎማው ሲከፈት ከውስጥ ለሁለት የተሰበረ፣ የክብሪት ሳጥን የሚያክል ጥቁር ፕላስቲክ ወደቀ። የጎማ ንፋስ ሴንሰር ነበር።

ልጁን አልተቆጣሁትም። እኔ ባለቤቱ መኖሩን ሳላውቅ እሱ ከየት ሊያውቅ? መኪናዋ በ2009 ለአሜሪካ ገበያ የተሠራች ኮሮላ ናት። ቁልፍ ባዞርኩ ቁጥር አንዲት ቢጫ ምልክት ለአፍታ በርታ ትጠፋ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳያት ኖሬ "ይቺ ምንድን ናት?" ብዬ አልጠየቅኩም። ከዚያ ወዲህ ያገባኛልም አያገባኝምም ሳልል የሰው መኪና ሁሉ እመረምራለሁ። አካሄዴ እነሆ። አብዛኛው ገንዘብ አይጠይቅም።

በቅድሚያ ግን አንድ ነገር እንለይ። ንፋስ ሲጎድል የሚያስጠነቅቅ መኪና ሁሉ ጎማው ውስጥ ሴንሰር አለው ማለት አይደለም። አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እውነተኛው ነው። በእያንዳንዱ ጎማ ውስጥ የራሷ ትንሽ ባትሪ ያላት ዕቃ ተቀምጣ ንፋሱን እየለካች በሬዲዮ ለመኪናው ትናገራለች። ሁለተኛው ጎማው ውስጥ ምንም የለውም። የኤቢኤስ ፍሬኑ (ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው) ሴንሰሮች የጎማዎቹን አዟዟር ይቆጥራሉ። ንፋሱ የጎደለ ጎማ ዙሪያው ስለሚያንስ ያንኑ መንገድ ለመጨረስ ከሌሎቹ ይልቅ ፈጥኖ ይዞራል። መኪናው ይህን ያይና "አንዱ ጎማ ጎድሏል" ይላል። ብልህ ዘዴ ነው። ርካሽም ነው። ለጎሚስታው ግን የሚሰበር ነገር የለውም።

ስለዚህ ጥያቄው ሁለት ነው፦ ማስጠንቀቂያው አለ ወይ? ካለስ የትኛው ዓይነት ነው?

መጀመሪያ፦ መኪናው ለየትኛው አገር እንደተሠራ ይወቁ

ይህ ግማሹን መልስ ይሰጣል። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ መኪና በነሱ ነውና የሚጠራው።

አሜሪካኖች በ2000 ፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ የተገጠሙ ፋየርስቶን ጎማዎች እየተላጡ ብዙ ሰው ከሞተባቸው በኋላ ሕግ አወጡ። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2007 ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የተመረተ የቤት መኪና፣ ፒክአፕና ቫን ሁሉ ማስጠንቀቂያው አለው። ሙሉ ጭነቱን ጨምሮ ከ4,536 ኪሎ የሚበልጠውና ከኋላ ድርብ ጎማ ያለው ብቻ አይመለከተውም። በአውሮፓ ኅብረት ግዴታው የመጣው በኋላ ነው። ለአዳዲስ ሞዴሎች ከኖቬምበር 2012፣ ለሚሸጥ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ ደግሞ ከኖቬምበር 2014 ጀምሮ። ቻይናም በ2019 ጀምራ በ2020 ለቤት መኪኖች ሁሉ አደረገችው። በ2016 በእኛው አቆጣጠር የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ በኋላ ከተማውን የሞሉት አዳዲስ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪኖች እንግዲህ ማስጠንቀቂያው አላቸው ብለው ይጀምሩ።

ጃፓን ይህን ግዴታ አላደረገችም። ለጃፓን ገበያ የተሠራችው የጎረቤቴ ቪትዝ የላትም፤ ሊኖራትም አይጠበቅም። ከዱባይ የመጣ መኪና ግን ድብልቅልቅ ነው። አንዱ ለባሕረ ሰላጤው አገሮች የተሠራ፣ ሌላው ከአሜሪካ ጨረታ ተገዝቶ ዱባይ የተጠገነ ሊሆን ይችላል። ደላላው "የዱባይ ናት" ሲልዎ የመጣችበትን ወደብ እንጂ የተሠራችበትን ገበያ አልነገረዎትም።

ገበያውን ለመለየት የሹፌሩን በር ይክፈቱና ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያንብቡ። የአሜሪካውን የፌዴራል ደኅንነት ደረጃ እንደሚያሟላ በእንግሊዝኛ ከተጻፈ የአሜሪካ ነው። የተመረተበት ወርና ዓመትም እዚያው አለ። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥርም ይመልከቱ። በ1፣ በ4 ወይም በ5 ከጀመረ አሜሪካ፣ በ2 ካናዳ፣ በ3 ሜክሲኮ ተሠርቷል። በ“J” ፊደል የሚጀምረው ጃፓን የተሠራ ነው፤ ግን ጃፓን ተሠርቶ ለአሜሪካ የተላከም ብዙ ነው። ስለዚህ የበሩ ወረቀት ይበልጥ ይታመናል። የጎማው የንፋስ ልክ ስንት እንደሆነ የተጻፈውም በር አካባቢ ነው፤ እግረ መንገድዎን ይመዝግቡት፣ ኋላ ይፈለጋል።

ሕጉ የሚለው "ማስጠንቀቂያ ይኑር" ነው። "ጎማው ውስጥ ሴንሰር ይግባ" አላለም። አሜሪካ ውስጥ የሚበዛው እውነተኛው ሴንሰር ነው። ሆኖም እንደ አዳዲሶቹ ሆንዳ ሲቪክ ያሉ በኤቢኤሱ የሚቆጥሩም አሉ። አውሮፓ ውስጥ ብዙ ፎልክስዋገን እንዲሁ ነው።

ቁልፉን ያዙሩ፣ ሞተሩን ግን አያስነሱ

ከሁሉም የምወደው ምርመራ ይህ ነው። አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ብዙ ሰው ግን ሞተሩን ወዲያው ስለሚያስነሳ ያልፈዋል።

ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን መብራቶቹ ሁሉ እስከሚበሩበት ያዙሩ። በቁልፍ ሳይሆን በመጫን የሚነሳ ከሆነ ፍሬን ሳይረግጡ ሁለት ጊዜ ይጫኑ። የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነም ሲበራ ዳሽቦርዱን ይከታተሉ። የሚፈልጉት ምልክት ቢጫ ነው። የፈረስ ኮቴ ወይም ከአፉ የተከፈተ ድስት ይመስላል። መሐሉ ላይ ቃለ አጋኖ አለው፤ ታቹ ጥርስ ጥርስ ነው። ጎማ ለሁለት ተቆርጦ ከፊት ሲታይ ማለታቸው ነው። እውነቱን ለመናገር እኔ ድስቱን ነው የማየው።

ምልክቱ በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ከጠፋ ማስጠንቀቂያው አለ፣ ለጊዜውም ደህና ነው።

በርቶ ካልጠፋ አንድ ጎማ ወይም ከዚያ በላይ ንፋስ ጎድሎታል። ሞልተው እንደገና ይዩ።

አንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ሲል ቆይቶ ከዚያ ቀጥ ብሎ ከበራ ነገሩ ሌላ ነው። መኪናው "ንፋስ ጎደለ" እያለ ሳይሆን "ሴንሰሬን አጣሁት" እያለ ነው። ባትሪው አልቆ ይሆናል። ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ይቆያል፤ ሲያልቅ ባትሪው ብቻ አይቀየርም፣ ሴንሰሩ በሙሉ ነው የሚለወጠው። ወይም ቀድሞ የነበረ ባለቤት ቸርኬ ቀይሮ ሴንሰሩን ከአሮጌው ቸርኬ ጋር ሸኝቶታል። ከሶማሌ ተራ የሚያምር ቸርኬ ገዝቶ ያስገጠመ ሰው በማግስቱ ይህችን ብልጭታ ካየ አይደንግጥ።

ምንም ካልበራስ? መኪናው ማስጠንቀቂያው የለውም ማለት ነው፤ ወይም ያለውን አንድ ሰው አጥፍቶታል። በሩ ላይ ያነበቡት ወረቀት እዚህ ይጠቅማል። የ2012 የአሜሪካ መኪና ሆኖ ምልክቱ ጭራሽ ካልበራ ዳሽቦርዱ ተፈትቶ አምፖሉ ወጥቷል፣ ወይም ከውስጥ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፎበታል ብለው ይጠርጥሩ። ይህን ያደረገ ሻጭ የሞተሩን መብራትስ ምን አድርጎት ይሆን? እኔ ብሆን ኮምፒውተር ሳላስደርግ ቀብድ አልከፍልም።

ቁጥር ካሳየ ቁጥሩ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ይዩ

ዳሽቦርዱ ወይም ስክሪኑ የእያንዳንዱን ጎማ ንፋስ በቁጥር ካሳየ ነገሩ ያው አለቀ። በኤቢኤስ የሚቆጥረው ዓይነት ልኩን አያውቅም፣ መጉደሉን እንጂ። ቁጥር ካለ ጎማው ውስጥ ሴንሰር አለ። መኪናው ቆሞ ከዋለ ቁጥሩ ቦታ ላይ ሰረዝ ብቻ ሊያዩ ይችላሉ። ሴንሰሮቹ ባትሪ ለመቆጠብ ይተኛሉ። ጥቂት ደቂቃ ሲነዱ ይነቃሉ።

"ሪሴት" ወይም "ሴት" የምትል ቁልፍ ማግኘት ግን ማረጋገጫ አይደለም። በኤቢኤስ የሚቆጥሩት ሁሉ ይህች ነገር አለቻቸው። እውነተኛ ሴንሰር ያላቸው ብዙ ቶዮታዎችም አሏቸው።

አሁን አንድ ማጭበርበሪያ ልንገርዎት። አራቱን ሴንሰር ከጎማ አውጥተው የውኃ ቱቦ ውስጥ ይከታሉ። ጫፍና ጫፉን ይደፍኑታል። 33 ፒ.ኤስ.አይ. (ጎሚስታው ንፋስ የሚለካበት መስፈሪያ) ንፋስ ይሞሉበትና መኪናው ኋላ ምንጣፍ ሥር ይደብቁታል። መኪናው አራት ጤነኛ ጎማ ያለው ይመስለዋል። ቀልድ አይደለም፤ ሴንሰር የማይቀበል ቸርኬ የገጠሙ ሰዎች መብራቷ እንዳትነዘንዛቸው የሚያደርጉት ነገር ነው።

ይህንን የሚያጋልጠው ሙቀት ነው። ጠዋት መኪናው ሳይንቀሳቀስ ቁጥሮቹን ይመዝግቡ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠንከር አድርገው ይንዱ። የአዳማው ፈጣን መንገድ ለዚህ ይመቻል። ጎማ ሲሞቅ ንፋሱ ከሁለት እስከ አራት ፒ.ኤስ.አይ. ይጨምራል። አራቱም እኩል አይጨምሩም፤ ፀሐይ የመታው ወገን ትንሽ ይበልጣል። አራቱም ቁጥር አንድ ዓይነት ሆኖ ከጠዋቱ ንቅንቅ ካላለ ምንጣፉን ገለጥ ያድርጉ።

ቁጥሩ ከጎሚስታው መለኪያ ጋር አልገጥም ካለ ደግሞ ወዲያው "ሴንሰሩ ተበላሽቷል" አይበሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየራችን ስስ ነው። የጎሚስታው መለኪያ የሚያነበው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አንዳንድ መኪኖች ግን ሴንሰሩ ከለካው ላይ የሚቀንሱት የባሕር ዳርቻውን የአየር ግፊት ነው፤ የኛውን አያውቁትም። ስለዚህ ጎሚስታው 35 ሲል ዳሽቦርዱ 32 ሊል ይችላል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። እኔ የምሞላው በጎሚስታው መለኪያ ነው። መለኪያው የጤና መሆኑን ግን ሌላ ቦታ ሄጄ አመሳክራለሁ፤ አሥር ዓመት ሲወድቅ ሲነሳ የኖረ መለኪያ ብዙ ነው።

ቫልቮላውን ማየት፦ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው

"ቫልቮላው ብረት ከሆነ ሴንሰር አለ፣ ጎማ ከሆነ የለም" ይባላል። ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

ክዳኑን ይፍቱ። ቫልቮላው ከላይ እስከ ታች ብረት ሆኖ ከቸርኬው ጋር በሚገናኝበት ቦታ በዳዶ የታሰረ ከሆነ ሴንሰር የመኖሩ ዕድል ከፍተኛ ነው። አጭር፣ የሚታጠፍ ጥቁር ላስቲክ ከሆነ ሴንሰር የሌለው ተራ ቫልቮላ ይመስላል። ነገር ግን ላስቲክ ቫልቮላ ያላቸው ሴንሰሮችም አሉ። ልዩነታቸው በጣት ይታወቃል። ተራው ላስቲክ ወዲያና ወዲህ ሲሉት እንደ ልብ ይታጠፋል። ሴንሰር የያዘው ውስጡ ወፍራም ብረት ስላለው ደረቅ ይላል፤ ጫፉ ላይ ያለው የብረት ክፍልም ረዘም ይላል። በኃይል አይጠምዝዙት።

በሌላ በኩል ለጌጥ ብቻ ብረት ቫልቮላ የተገጠመለት ቸርኬ አለ። ዕድሜ ጠገብ አንዳንድ ፎርዶች ደግሞ ሴንሰሩን ከቫልቮላው ጋር አላገናኙትም፤ ቸርኬው ላይ በቀበቶ አስረውታል። እዚያ ላይ ቫልቮላ ማየት ምንም አይነግርዎትም። ቫልቮላውን ካዩ አራቱንም ይዩ። ሦስቱ ብረት ሆነው አንዱ ላስቲክ ከሆነ የአንዱ ሴንሰር ታሪክ እንደኔው አንድ ጎሚስታ ቤት አልቋል።

ስኮርታውን በዚህ አይመዝኑ። አብዛኛው ስኮርታ ሴንሰር የለውም። ግን ሙሉ መጠን ስኮርታ ያላቸው አንዳንድ ትላልቅ ቶዮታዎች አምስተኛ ሴንሰር አላቸው። አራቱን ጎማ ሞልተው መብራቷ እምቢ ካለች ከሥር የተንጠለጠለውን ስኮርታ ይለኩ።

ንፋስ ቀንሶ መፈተን

እስካሁን ካልለየልዎት ይህ ይለያል። የራስዎ መለኪያና ትንሽ ኮምፕሬሰር ካለዎት ይሞክሩት፤ ከሌለዎት ጎሚስታ ደጃፍ ላይ ያድርጉት። መኪና የማይበዛበት ሰፈር ይምረጡ፤ ፈጣን መንገድ ላይ እንዳይሞክሩት።

ማስጠንቀቂያው የሚበራው ንፋሱ ከልኩ በሩብ ያህል ሲጎድል ነው። በሩ ላይ 32 ካለ ሩቡ 8 ነው፤ ስለዚህ 24 ላይ ይበራል። አንዱን ጎማ ወደ 22 ያውርዱና ቀስ ብለው ይንዱ። እውነተኛ ሴንሰር ከሆነ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይበራል። አንዳንዱ እንዲያውም ንፋሱ በፍጥነት ሲወጣ ራሱ ነቅቶ መኪናው ቆሞ ሳለ ይናገራል። በኤቢኤስ የሚቆጥረው ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ አሥር ደቂቃም ከዚያ በላይም ሊነዱ ይችላሉ።

ሁለቱን ለመለየት አራቱንም ጎማ እኩል ይቀንሱ። እውነተኛው ሴንሰር ይጮኻል። በኤቢኤስ የሚቆጥሩት፣ በተለይ አሮጌዎቹ፣ ጎማዎቹን እርስ በርስ ስለሚያነጻጽሩ ዝም ይላሉ። ሁሉም አብረው ካነሱ ማን ከማን ያንሳል? አዳዲሶቹ ግን ይህንንም መያዝ ስለሚችሉ ዝምታው እንጂ ጩኸቱ ብቻውን አይለይም። ሲጨርሱ አራቱንም መልሰው መሙላትዎን አይርሱ።

መሣሪያ ያለው ሰው ካገኙ

ደህና የኤሌክትሪክ መካኒክ ዘንድ የሴንሰር ማንበቢያ ሊኖር ይችላል፤ የእጅ ስልክ የሚያክል ነገር ነው። ቫልቮላው አጠገብ ጎማው ላይ ያስጠጋዋል። መሣሪያው ሴንሰሩን ይቀሰቅሰውና መለያ ቁጥሩን፣ ንፋሱን፣ ሙቀቱን፣ አንዳንዴም የባትሪውን ሁኔታ ያነባል። ከአራቱ አንዱ ዝም ካለ ሞቷል ወይም የለም። ጎማ ሳይፈታ ከሁሉም ይልቅ እርግጡን የሚናገረው ይህ ነው። መኪና ሊገዙ ከሆነ ክፍያው አይቆጭዎትም።

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች ይህን የጎማ ሱቁ ራሱ ያደርግላችኋል። እዚያ ደግሞ የሚሠራን ማስጠንቀቂያ ከጥቅም ውጭ ማድረግ ለሱቁ ክልክል ነው። ሴንሰር የሌለው የበረዶ ጎማ ከነቸርኬው ይዛችሁ ሄዳችሁ "አንገጥምም" ብትባሉ ሰውየው ሊያናድዳችሁ አይደለም። ሚኒሶታ ወይም ዴንቨር ውስጥ በመጀመሪያው ብርዳም ጠዋት መብራቷ ስትበራም አትሩጡ። ሙቀቱ በ10 ፋራናይት ሲወርድ ንፋሱ በ1 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ይወርዳል። መጀመሪያ ሞልታችሁ እዩ።

ጎማው መከፈቱ ካልቀረ

ሴንሰር መኖሩን አረጋግጠው ይሁን ጠርጥረው፣ ለጎሚስታው ሥራው ሳይጀመር ይንገሩት፦ "ወንድሜ፣ ውስጡ ሴንሰር አለ። ከቫልቮላው በተቃራኒ በኩል ጀምርልኝ።" ማሽን ላይ ከሆነም ጎማውን የሚጫነው ክንድ ቫልቮላው አጠገብ እንዳያርፍ ያድርግ። አሮጌ ፎርድ ከሆነ ሁለቱንም ወገን ይጠንቀቅ። ተከፍቶ ሳለ ራስዎ ጎንበስ ብለው ይመልከቱ። ከቫልቮላው ግርጌ የተጣበቀ ጥቁር ሳጥን ካለ እሱው ነው። ላዩ ላይ የተጻፈውን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። 315 ወይም 433 የሚል ሜጋኸርዝ (የሬዲዮ ሞገዱ ቁጥር) ይኖረዋል፤ የአሜሪካ መኪኖች አብዛኞቹ 315፣ የአውሮፓዎቹ 433 ናቸው። ምትክ ሲገዙ ካልገጠመ መኪናው አይሰማውም። ቫልቮላው ሥር ያለችውን የላስቲክ ቀለበትም በዚያው ያስቀይሩ። ርካሽ ናት፤ ስታረጅ ግን ንፋስ የምታስወጣው እሷ ናት። ብስ ለመድፈን የሚፈስ ፈሳሽ ማጣበቂያም አያስጨምሩ፤ የሴንሰሯን ቀዳዳ ሊደፍነው ይችላል።

የኔው 315 ነው። ከስብርባሪው ላይ አንብቤዋለሁ። ምትኩን ግን እስካሁን አልገዛሁም። በየማለዳው ኮሮላዋ አንድ ደቂቃ ሙሉ ብልጭ ድርግም ትልብኝና ቀጥ ብላ ትበራለች። እኔም ከመውጣቴ በፊት አራቱን ጎማ በእጅ መለኪያ እለካለሁ።